መስጠትና መጣል

ለራሳችን የማንፈልገውን ነገር ለሌላ ፍጡር ስናቀርብ እየሰጠን ነው ወይስ እየጣልን? ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ይሁን እንጂ ኅሊናን በብርቱ የሚመለከት ነው። በኩሬ ዓሣ የሚያረቡ ገበሬዎች የአትክልት ልጣጭን ለአምባዛ መኖ ማድረጋቸው ጥያቄውን በግልጽ ያሳየናል።

የሥራው ዓላማ የሚመሰገን ነው። በዓሣ እርባታ ከሚወጣው ገንዘብ አብዛኛውን የሚወስደው መኖ ነው። በሌላ በኩል የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2024 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ መሠረት፣ በ2022 ዓ.ም. ብቻ የማይበላው ክፍል ጭምር 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ ከየቤቱ፣ ከየምግብ ቤቱና ከየሱቁ ተጥሏል። የቆሻሻ ክምር ነፍስ እንደሚያጠፋም፣ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቆሼ በደረሰው መደርመስ ከ110 በላይ ሰዎች ሲያልቁ ተመልክተናል። እንግዲህ ልጣጭን ከቆሻሻ መጣያ አድኖ ወደ ምግብነት መመለስ በጎ ተግባር መሆኑ አያጠራጥርም።

ነገር ግን በጎ ሐሳብ ብቻውን በጎ ሥራ አይሆንም። በጣና፣ በሐዋሳና በሌሎችም ሐይቆቻችን የሚገኘው አምባዛ ያገኘውን ሁሉ የሚበላ ቢሆንም፣ በኩሬ ውስጥ በሚገባ ለማደግ ከመኖው ሲሶ ያህሉ ወይም ከዚያ የሚበልጠው ፕሮቲን እንዲሆን ይሻል። ልጣጭ ግን አብዛኛው ውኃ ነው። ስለዚህ ታጥቦ፣ ተቀቅሎ፣ ደርቆና ተፈጭቶ፣ እንደ ፋጉሎና እንደ ዓሣ ዱቄት ካሉ ጠንካራ መኖዎች ጋር በመጠኑ ሊደባለቅ ይገባዋል። ፀሐይ መትቶት አረንጓዴ የሆነው የድንች ልጣጭ መርዝ ስላለው ተለይቶ መውጣት አለበት። ጥሬው እንዲሁ ኩሬ ውስጥ ቢደፋ፣ ያልተበላው ይበሰብስና በውኃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሰዋል።

አምባዛ ወደ ላይ ብቅ ብሎ ከአየር መተንፈስ የሚያስችለው አካል አለው። ስለሆነም ሌላው ዓሣ በሚሞትበት በቆሸሸ ውኃ ውስጥ ሊቈይ ይችላል። አንዳንዶች ይህን አይተው «ምን ይሆናል፣ ይችለዋል» ይላሉ። የፍጡር ቻይነት ግን ለእኛ ቸልተኝነት ፈቃድ ሊሆን አይገባም። ዓሣው አይናገርም፤ የሚበላውን የሚመረምርለት የሚመግበው ሰው ብቻ ነው። የኩሬው ውኃ ሲበላሽም ጉዳቱ ለጎረቤትና ለገበታ ይተርፋል።

«ድኻ ገበሬ ይህን ሁሉ ልፋት ከየት ያመጣል?» የሚል ሰው ቢኖር ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን ልፋቱን መተው ሳይሆን መካፈል ነው። ልጣጩን የሚያወጡ ቤተሰቦች ከላስቲክና ከሳሙና እጣቢ ለይተው፣ ሳይሻግት ቢያስረክቡ የገበሬው ሸክም እጅግ ይቀላል።

ጌታችን ሕዝቡን በእንጀራና በዓሣ ከመገበ በኋላ ቍርስራሹ እንዲሰበሰብ ማዘዙን መምህራን ለልጆች ሲያስተምሩ፣ መሰብሰብ ጐንበስ ማለትንና መልቀምን እንደሚጠይቅ ቢያስገነዝቧቸው መልካም ነው። መስጠት ከመጣል የሚለየው የተቀባዩን ፍላጎት አስቀድሞ በመጠየቅ ነውና።