ለቀንሽ ልክ አብጂለት

ልጄ፣ ሥራ መያዝሽን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ሂሳብ ክፍል ነው አሉኝ። ጥሩ ቦታ ነው፤ ሂሳብ ሰውን ጠንቃቃ ያደርጋል። ለዚያ ሥራ እንደምትበቂ አልጠራጠርም። ከልጅነትሽ ጀምሮ የያዝሽውን ሳትጨርሺ የማትነሺ ነበርሽ። ግን አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። ተቆጣኝ አትበዪ፣ ልንገርሽ።

የሚያሳስበኝ መጨረሻ የሌለው ነገር ቀንሽን እንዳይበላው ነው።

እስቲ አያቶችሽ ቀናቸውን እንዴት ይይዙት እንደነበር አስቢ። ሁሉም ነገር ልክ ነበረው። ቡናው አቦል፣ ቶና፣ በረካ ነው። በረካው ተጠጥቶ ምርቃቱ ከወረደ በኋላ ረከቦቱ ይነሣል፤ ሁሉም ወደ ሥራው ይሄዳል። ጸሎቱም እንደዚሁ ነው። ውዳሴ ማርያም የሰኞው ለሰኞ፣ የማክሰኞው ለማክሰኞ ተብሎ ተከፍሏል። የዳዊት መዝሙርም በሳምንቱ ቀናት ተከፋፍሏል። ሰው የዕለቱን ያደርሳል፣ መጽሐፉን ያጥፋል፣ ይነሣል። ሁዳዴ ረጅም ነው፤ ቢሆንም 55 ቀን ነው፣ ፋሲካ አለው። ሰው የጀመረውን ሲጨርስ ልቡ ያርፋል። ያረፈ ልብ ደግሞ ለሚቀጥለው ነገር ይበረታል።

አሁን በእጅሽ የያዝሽው ስልክ ግን በረካ የለውም። የፈለግሽውን ያህል ብትስቢው ከሥሩ ሌላ ይመጣል።

ይህ እንዲሁ በአጋጣሚ የሆነ አይምሰልሽ። ቀድሞ ኢንተርኔት ላይ ገጽ ያልቅ ነበር። ቀጣዩን ለማየት አንድ ነገር መጫን ያስፈልግ ነበር። ትንሽ ነገር ናት፤ ነገር ግን ሰው እዚያች ላይ ቆም ይላል። ልቀጥል ወይስ ይብቃኝ ብሎ ራሱን ይጠይቃል። በ2006 እ.ኤ.አ. አዛ ራስኪን የሚባል አሜሪካዊ ባለሙያ፣ ገጹ ሳያልቅ ሌላው ራሱ ተስቦ የሚመጣበትን አሠራር ነደፈ። ሐሳቡ የሰውን ድካም ለመቀነስ ነበር። ኋላ ግን ያስከተለውን አይቶ መጸጸቱን በአደባባይ ተናግሯል። ዛሬ ፌስቡኩም ቲክቶኩም የሚሄዱት በዚሁ ዓይነት አሠራር ነው።

ስለዚህ አንድ ቪዲዮ ብቻ ልይ ብለሽ ከፍተሽ፣ ቀና ስትዪ ሌሊቱ ከተጋመሰ፣ እኔ ደካማ ነኝ ብለሽ ራስሽን አትርገሚ። አሠራሩን የነደፉት ሰዎች ማቆሚያውን አስቀድመው አንሥተውታል። ማቆሚያውን መልሶ ማበጀት ግን ያንቺ ድርሻ ነው። ሌላ ማንም አያበጅልሽም። አንቺ ታበጂዋለሽ፤ ትችያለሽ።

የሂሳብ ሰው ነሽና እስቲ ደምሪው። በቀን 2 ሰዓት እንዲሁ ቢያልፍ በዓመት 730 ሰዓት ነው። ሌት ከቀን ብትቆጥሪው ከ30 ቀን ይበልጣል። በ8 ሰዓት የሥራ ቀን ብታካፍዪው ከ91 የሥራ ቀን ያልፋል። ስንት ሰዓት እንዳየሽበት ስልክሽ ራሱ ይመዘግባል፤ ማስተካከያው ውስጥ ገብተሽ እዪው። አትደንግጪ፣ ግን እዪው። ያልተቆጠረ ነገር እንደማይታረም ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ።

እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት ማተሚያ ቤት ውስጥ በአራሚነት ነው። አንዱ ረቂቁን ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌላው የተለቀመውን ፊደል በዐይኑ ይከተላል። ሥራው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ሰው ጠርቶት ቀና ያለ አራሚ፣ ሲመለስ ዐይኑ ያው ቃል ባለበት ሌላ መስመር ላይ ያርፋል። በመካከል ያለው መስመር ሳይነበብ ያልፋል። የሚከፋው ደግሞ አራሚው አንብቤዋለሁ ብሎ ማመኑ ነው። ያልተነበበው መስመር በሺህ ቅጂ ታትሞ ይወጣል።

ያንቺም ሥራ እንደዚያው ነው፣ ልጄ። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ተገልብጦ ይቀመጣል። አንዴ ይንቀጠቀጣል። ማን ይሆን ብለሽ ታነሺዋለሽ። ስትመለሺ 540 የነበረው 450 ሆኖ ይገባል። ልዩነቱ 90 ነው፤ ለ9 ይካፈላል። የሂሳብ ሰዎች የተቀያየረ አኃዝ የሚያድኑት በዚህ እንደሆነ ተምረሻል። ያን 90 ብር ለማግኘት ግን አንድ ሰው እስከ ማታ ያመሻል። ምናልባት ልጆቿ ቤት የሚጠብቋት ባልደረባሽ ናት የምታመሸው። ወይም የወሩ ሂሳብ ባለመዘጋቱ የጥበቃው ደመወዝ ይዘገያል። አንቺ አንድ መልእክት ነው ያየሽው፤ የከፈለው ሌላ ሰው ነው። ሥራን እንደ ተራ ነገር አትዪው። ከእያንዳንዱ ቁጥር ጀርባ የሚጠብቅ ሰው አለ።

ወደ እምነትሽ ልምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ታገሺኝ።

ዛሬ ዛሬ አንድ ነገር አያለሁ። የእመቤታችን ሥዕል በስልኩ ይመጣል፤ ከሥሩ አሜን ሳትሉ አትለፉ ይላል። ሰው አሜን ብሎ ይጽፋል፣ ያልፋል። ለ10 ሰው ላኩ የሚልም አለ፤ ካልላክሽ ክፉ ይደርስብሻል እያለ ያስፈራራል። ልጄ፣ እግዚአብሔር በማስፈራሪያ መልእክት አያዝዝም። እንዲህ ያለውን አጥፊው፤ ምንም አይደርስብሽም። አሜን ማለቱስ መልካም ነው። ነገር ግን በጣት የተጻፈ አሜን የጸሎት ምትክ ሲሆን፣ ሰው ጸልያለሁ ብሎ ሳይጸልይ ይውላል። እንደዚያ አራሚ ያላነበበውን አንብቤዋለሁ ይላል። ዓመቱ እንዲህ ያልቃል። ከዚያ መከራ ሲመጣ፣ መምጣቱም አይቀርም፣ ለመጸለይ ይቆምና ልቡ ሁለት ደቂቃ አልሰበሰብ ይለዋል።

ልብ አልሰበሰብ ማለቱ በእናንተ ዘመን አልተጀመረም። ጥር 22 የምናስበው አባ እንጦንስ በግብፅ በረሃ ሳለ ይኸው ደረሰበት። ስልቹነት ያዘው፣ ሐሳቡ ተበተነበት። መዳን እወዳለሁ፣ ሐሳቤ ግን አልተወኝም፣ ምን ላድርግ ብሎ እግዚአብሔርን ለመነ። ጥቂት ቆይቶ ከበዓቱ ወጣ ሲል እርሱን የሚመስል ሰው አየ። ያ ሰው ተቀምጦ ይሠራል። ከሥራው ይነሣና ይጸልያል። ደግሞ ተቀምጦ ገመዱን ይጎነጉናል። ደግሞ ይነሣና ይጸልያል። መልአክ ነበር፤ እንዲሁ ቢያደርግ እንደሚድን ነገረው። እንጦንስም ደስ ብሎት እንዲሁ አደረገ።

ይህን ታሪክ ባሰብኩት ቁጥር የሚገርመኝ የሥራው ተራነት ነው። መልአኩ ታላቅ ተልእኮ አላመጣለትም። ያው ገመድ ነው። ግን ሲቀመጥ መሥራት ብቻ፣ ሲቆም መጸለይ ብቻ። አንዱ በሌላው ላይ አይገባበትም። ወጣቶች ዓላማዬ ምንድን ነው እያላችሁ ስትጨነቁ እሰማለሁ። ጭንቀታችሁ ይገባኛል። ዓላማ ግን አንድ ቀን በድንገት ከሰማይ የሚወርድ አይመስለኝም። በእጅሽ ያለውን ገመድ በሙሉ ልብሽ ስትጎነጉኚ ቀስ እያለ ይገለጣል። ሙስሊም ባልደረቦች ካሉሽ እነሱንም ልብ በዪ። ሰዓቱ ሲደርስ ሥራውን አቁመው ይሰግዳሉ፤ ሰግደው ይመለሳሉ። በቀን 5 ጊዜ እንዲህ ያለ ማቆሚያ ያለው ሰው ቀኑ እንዲሁ አይፈስበትም።

ምን ክፉ ሠራሁ ትዪኝ ይሆናል። የዓቢይ ጾም 6ኛው እሑድ ገብር ኄር ነው። የሚነበበውን ታውቂዋለሽ፤ ጌታው ለሦስት ባሪያዎቹ የሰጠው 5 መክሊት፣ 2 መክሊት፣ 1 መክሊት። ሦስተኛውን ባሪያ ልብ ብለሽ አይተሽው ታውቂያለሽ? አልሰረቀም። አልጠጣበትም። ማንንም አልበደለበትም። ቆፍሮ ቀበረው፤ እንደተሰጠውም መለሰው። ሐካይ፣ ማለትም ሰነፍ፣ የተባለው በዚህ ነው። ስለዚህ ስልኩ ላይ ምን ክፉ ነገር ሠራሁ ብለሽ አትከራከሪ። ክፉ አልሠራሽ ይሆናል። ጥያቄው የተሰጠሽ ዕድሜ የት ተቀበረ የሚለው ነው።

ስልኩን ጣዪው እያልኩሽ እንዳይመስልሽ። ሪያድ ወይም ቤሩት ሰው ቤት የምትሠራ ልጅ እናቷን በኢሞ ስታያት፣ ያ ስልክ የተባረከ ነው። እኔም ቅዳሴ መሄድ ጉልበቴ ሲከለክለኝ በእሱ እሰማለሁ። አንቺም ለፈተናሽ ትምህርቱን ያገኘሽው በቴሌግራም እንደሆነ ነግረሽኛል። መልካም ነው። ለአንድ ነገር ከፍተሽው፣ ያን ነገር አድርገሽ ስትዘጊው አገልጋይሽ ነው። ለምን እንደከፈትሽው ረስተሽ ስትቀሪ ግን ነገሩ ተገልብጧል።

ሌላው፣ የተቆጣሽበትን ነገር ወዲያው አታጋሪ። በዚህች አገር ባልተጣራ ወሬ ስንት ጎረቤት ከጎረቤቱ እንደተቀያየመ አይተሻል። የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን ለመከላከል በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ 1185 የሚያሰራጨውንም ይጠይቃል። እኔ ግን ከሕጉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ልብሽ ነው። በየዕለቱ ሲሰድቡ የሚያነብ ሰው ስድብ ይለምዳል። በጽሑፍ የለመደውን ቤቱ ይዞት ይገባል። ፊት ለፊት ለሰው የማትዪውን በስልክም አትጻፊው።

እንግዲህ እንዲህ አድርጊ። ለማንቂያ የምትሆን ትንሽ ሰዓት ግዢ፤ ስልኩ አልጋሽ አጠገብ የሚያድርበት ሰበብ አይኑር። ጠዋት የዕለቱን ጸሎት ሳታደርሺ ስልኩን አትንኪ። የዕለቱ ሙሉው ካልሆነልሽ ከፍለሽ አድርሺ፤ ትንሽ ሆኖ ያልተቋረጠ ይሻላል። ሥራ ቦታ ስልኩ ቦርሳሽ ውስጥ ይዋል፤ ለምሳ ስትወጪ ታዪዋለሽ። ከደዋዮችሽ በቀር የማንም ማሳወቂያ አይጩኽብሽ። ማታ ቪዲዮውን የምታዪበት ሰዓት ይኑርሽ፣ መነሻም መድረሻም ያለው። የመጀመሪያው ሳምንት ይከብዳል። እጅሽ ሳታስቢው ወደ ቦርሳው ይሄዳል። አይግረምሽ፤ መልሺው። አንድ ቀን ቢያመልጥሽም በማግስቱ ጀምሪ እንጂ አልቻልኩም ብለሽ አትተዪው።

ዛሬ ማታ ጀምሪ፣ ልጄ። ስልኩን ሳሎን ትተሽ ግቢ። ነገ ጸሎትሽን አድርሰሽ ስትጨርሺ ደግሞ መጀመሪያ ለእናትሽ ደውዪላት፤ ድምፅሽን ከሰማች ሰንብታለች።