ሁለት ልምምድ

ጥያቄያችን ይህ ነው፤ ሰው በየቀኑ የሚደጋግመው ነገር ያነቃዋል ወይስ ያደነዝዘዋል? ጥያቄው የፈላስፎች ይመስላል እንጂ እኛ ያገኘነው ከመጽሐፍ አይደለም። ያገኘነው በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የምሳ አዳራሽ፣ የሩዝና የባቄላ ሰልፍ ላይ ነው። አንባቢ ሆይ፣ ታገሠንና ከዚያው እንጀምር።

እኛ አራት ሐበሾች ነበርን፤ ሁለታችን ከአዲስ አበባ የመጣን፣ ሁለታችን እዚያው ያደግን። ትምህርት ቤቱ ሰሜን ቨርጂኒያ፣ ከዋሽንግተን ከተማ ወንዙን ተሻግሮ ነው። በቨርጂኒያ ከፍተኛውን የሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማ የሚፈልግ ተማሪ አንድ የውጭ ቋንቋ ሦስት ዓመት፣ አለዚያም ሁለት ቋንቋ ሁለት ሁለት ዓመት መማር አለበት። ለሁለታችን እንግሊዝኛው ራሱ ገና አፋችን ውስጥ አልሟሸም ነበር። «ደግሞ እስፓኝኛ!» አልን። አንዱን ሳንውጥ ሌላ ጉርሻ መሆኑ ነው። ግን ምን ይደረግ፣ ገባንበት።

ክፍል ውስጥ መቀመጥ ብቻውን የትም እንደማያደርስ ወዲያው ገባን። ሒሳቡ ቀላል ነው። በዓመት 180 የትምህርት ቀን አለ፤ በቀን 45 ደቂቃ ብንል 135 ሰዓት ይመጣል። የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ዲፕሎማቶቹን የሚያሠለጥንበት፣ እዚያው አርሊንግተን ያለው ተቋም ደግሞ አንድ እንግሊዝኛ ተናጋሪ እስፓኝኛን በወጉ ለመልመድ ከ600 እስከ 750 የክፍል ሰዓት ያስፈልገዋል ይል ነበር። (ለአማርኛ 1100 ነበር የሚለው፤ ይህን ስንሰማ ትንሽ ኮራን።) ስለዚህ ተማማልን፤ ማታ ማታ 20 ደቂቃ፣ ቅዳሜና እሑድም ሳይቀር። ወረቀት ቆራርጠን በአንድ ፊቱ አማርኛውን፣ በሌላው እስፓኝኛውን ጻፍን። በቀን ዐሥር ቃል። ግሡንም እንደ ፊደል ቆጠራ በዜማ አወረድነው፤ «አብሎ፣ አብላስ፣ አብላ፣ አብላሞስ፣ አብላን»። እናቶቻችን ከኩሽና ሆነው «ደግሞ ሀ ሁ ሂ ጀመሩ!» እያሉ ይሥቁብን ነበር።

መንገዱ ትክክል ነበር። ጀርመናዊው ኤቢንግሃውስ ትርጉም የሌላቸውን ክፍለ ቃላት ራሱ እያጠና፣ ራሱ እየረሳ የደረሰበትን እ.ኤ.አ. በ1885 አሳትሟል። የተጠናው ነገር ብዙው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት ይጠፋል፤ በአንድ ቀን ከሚታጨቅ ጥናት ይልቅም በቀናት ተከፋፍሎ የሚደጋገመው ይሻላል። አያቶቻችን «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ያሉት ነው።

አማርኛችንም ረዳን። አሜሪካኖቹ ልጆች «ኞ» ማለት ሲቸግራቸው እኛ ፊደሉ ከነሰባት መልኩ በእጃችን ነበር። «አብሎ» ሲባል «እኔ» ማለት ለምን እንደማያስፈልግ ማንም አላስረዳንም፤ «እናገራለሁ» ስንል መቼ «እኔ» እንላለን? «ቱ» እና «ኡስቴድ»ን ለመለየት ክፍሉ ብዙ ቀን ሲፈጅ፣ እኛ «አንተና እርስዎ ማለት ነው» ብለን ጨረስን። ይህችን ነገር አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ እንመለስባታለን።

አንድ ማታ ከመካከላችን አንዱ ወረቀቱን ወረወረና «ይሄ በቀቀንነት እንጂ ዕውቀት አይደለም» አለ። «ራሴን ሳያመኝ ‹ሜ ዱዌሌ ላ ካቤሳ› እላለሁ። ማንንም ሳልጠይቅ ‹እንደምን ዋልህ?› እላለሁ። የማላስበውን እየደጋገምኩ መናገር ውሸት አይደለም ወይ?»

ብዙ ተከራከርን። በመጨረሻ የተስማማንበት ይህ ነው፤ ዋሾ የሚያምነው ሰው ይፈልጋል፤ የሚለማመድ ሰው ግን ሰሚ የለውም። ስለዚህ ልምምድ ውሸት አይደለም። ይሁን እንጂ ሰሚ የሌለው ንግግር ውሸት እንዳልሆነ ሁሉ እውነትም አይደለም፤ አፍ ማፍታቻ ነው። ክርክሩን በዚህ ዘጋንና ወደ ካርዳችን ተመለስን። ሰሚ ከየት እንደሚመጣ አንዳችንም አልጠየቅንም።

ሰሚዋ ግን ከዐሥር ሰዎች ሰልፍ ወዲያ ቆመው ነበር። በምሳ አዳራሹ ሩዝና ባቄላ የሚጨልፉልን ሴት የኤል ሳልቫዶር ሰው ነበሩ። አገራቸው እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 1992 በእርስ በርስ ጦርነት ስትታመስ ብዙ ሕዝብ ተሰዶ ዋሽንግተንና ዙሪያዋ ሰፍሯል፤ የእኛም ወላጆችና ዘመዶች ከአብዮቱ በኋላ በእነዚያው ዓመታት ወደዚያው አካባቢ ጎርፈዋል። ጎረቤቶች ነን ማለት ነው። እኛ ግን ዓይናችንን ትሪያችን ላይ ተክለን እናልፋለን። አንዳንዴ እንዲያውም ሰልፉ ላይ ካርዳችንን እናጠናለን። አንድ ቀን በእጃችን የነበሩት ቃላት «አሮስ»፣ «አሴይቴ»፣ «አሱካር» ነበሩ። ሩዝ፣ ዘይት፣ ስኳር! ዐረብኛ ለእነሱ ያበደራቸው ቃላት የእኛዎቹም ዘመዶች መሆናቸውን ስንደርስበት ጉድ አልን። ሩዙን ለጨለፉልን ሴት ግን «ግራሲያስ» እንኳ አላልንም።

ከዚያ የአንዳችን እናት ልጃቸውን ሊወስዱ መጡ። ሌሊት ሌሊት ቢሮ የሚያጸዱ ሴት ናቸው። አዳራሹ ውስጥ እንደገቡ ወደ ማዕዱ ሄዱና «ቡዌናስ ታርዴስ!» አሉ። ስለ ቤተሰብ ጠየቁ፣ ተጠየቁ። ግሡ ተሰባብሯል፣ ጾታው ተምታቷል፤ መምህራችን ቢሰሙ በቀይ ያጥለቀልቁት ነበር። ሁለቱ ሴቶች ግን እጅ ለእጅ ተያይዘው ይሥቁ ነበር። እናትየዋ ቋንቋውን ያገኙት አብራቸው ከምትሠራ ሳልቫዶራዊት፣ በስድስት ዓመት ሌሊት ነው እንጂ ደብተር ገዝተው አያውቁም። ስንወጣ ጠየቁን፤

«እኚህ ሴትዮ በየቀኑ አይደል የሚያበሏችሁ? ስማቸው ማነው?»

አንዳችንም አላወቅንም።

ያኔ ነው ጥያቄው የገባን። ለካ እስካሁን የምንለማመደው አንድ ነገር አልነበረም፤ ሁለት ነበር። ማታ ማታ እስፓኝኛ እንለማመዳለን፤ ቀን ቀን ሰውን እንዳላየ ማለፍ እንለማመዳለን። በሁለቱም ጎበዝ ሆነናል። አርስቶትል በሥነ ምግባር መጽሐፉ፣ በኒቆማካዊው ሁለተኛ ክፍል፣ ሰው ፍትሐዊ የሚሆነው ፍትሕን እየሠራ ነው ይላል፤ ግንበኛ ግንበኛ የሚሆነው እየገነባ እንደሆነ ሁሉ። ግን ወዲያው አንድ ነገር ይጨምራል። ጥሩ ግንበኛም መጥፎ ግንበኛም የሚወጣው ከዚያው ከመገንባት ነው። የአማርኛችን «ለመደ»ም እንዲሁ ነው። ቋንቋ ለመደ፣ ሱስ ለመደ፣ ሰው ለመደ እንላለን፤ ልምምድና ልማድ፣ ለማዳም ሳይቀር የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ቃሉ ራሱ አይፈርድም። መደጋገም የሰጡትን ያጠነክራል እንጂ የሚጠነክረውን አይመርጥልንም።

በማግሥቱ ሰላምታ ሰጠን። «ኮሞ ኢስታ ኡስቴድ?» አልን፤ አክብረን። መቼ «እርስዎ» እንደሚባል ከክፍሉ ሁሉ ቀድመን ያወቅን እኛ፣ ለሰው ስንለው የመጀመሪያችን ነበር። እሳቸው ሣቁና መለሱልን፤ ያውም መጽሐፋችን ባላስተማረን «ቮስ»፣ በአገራቸው ልጅና ወዳጅ በሚጠራበት። ግራ ገባን። አንዳችን ቃሉን ለመጻፍ ደብተሩን መዘዘ።

ይህች ደብተር እስከ ዛሬ ትቆረቁረናለች። ሰላም ያልነው ሰውየዋን ነው ወይስ ቋንቋውን? እጅ ነሥተን ስናበቃ ሰውን የመልመጃ ደብተር ማድረግ ከዝምታው በምን ይሻላል? ልብን መርምሮ መልስ መስጠት አስቸጋሪ ነው። አንድ መለኪያ ግን አለ፤ ጥቅሙ ሲያልቅ የሚሆነውን ማየት። የዓመቱ ፈተና ካለፈ በኋላ ጥቂት የትምህርት ቀናት ቀርተው ነበር። በእነዚያ ቀናት ሁለታችን ሰላምታውን ቀጠልን፤ ሁለታችን ተውነው። የትኞቹ እንደሆኑ አንናገርም። «እኛ» ብሎ መጻፍ ለዚህም ይመቻል።

ስለዚህ በየቀኑ መለማመድን አንነቅፍም። ያለ እነዚያ 20 ደቂቃዎች ሰላምታ የምንሰጥበት ቃል እንኳ ባልኖረን ነበር፤ ስጦታ የለኝም የሚል ተማሪም ዐሥር ቃል ለመያዝ ስጦታ አያስፈልገውም። የምንለው፣ ትጋት ብቻውን ምስክር አይሆንም ነው። ተጉ ሲባል «በምኑ?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ «ከእሱ ጎን ሳላውቀው ምን እየለመድኩ ነው?» ብሎ መጠየቅም።

ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ገብተን ካርዶቹ ከጠፉ ቆይተዋል፤ ኤቢንግሃውስ እንዳለውም ብዙው ቃል በኗል። የሴትዮዋን ስም ግን ከዚያ ቀን በኋላ አልረሳነውም። እዚህ አንጽፈውም፤ የራሳቸው ነው። ይልቅ አንተም አንቺም ነገ ምሳ ሰልፍ ላይ ስትቆሙ፣ ወጡን የሚጨልፍላችሁ ሰው ስሙ ማነው?