ካህን ያለቀበት አገር ካህን ከየት ያገኛል?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ቤተ ክርስቲያን ሲባል ለብዙዎቻችን አስቀድሞ የሚታየን ሕንፃው፣ ጉልላቱና ደወሉ ነው። ሕንፃ ቢፈርስ ግን በድንጋይና በኖራ ተመልሶ ይሠራል። መምህሩ ከጠፋ የሚቀድሰው፣ የሚያጠምቀው፣ የሚያስተምረው ከየት ይመጣል? ይህ ጥያቄ በዘመናችን በአንድ አገር ላይ በእውነት የደረሰ ስለሆነ ታሪኩን ይዘን እንማማር። አገሩ አልባኒያ ነው። ዘመኑን ሁሉ የጻፍነው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

አልባኒያ ከግሪክ በስተሰሜን በአድርያቲክ ባሕር ዳር የምትገኝ ትንሽ አገር ናት። ቱርኮች ከ400 ዓመት በላይ ስለገዟት ብዙው ሕዝብ እስልምናን ተቀበለ። ከ2ኛው የዓለም ጦርነት በፊት ከ100 ሰው ወደ 70 የሚሆነው ሙስሊም፣ ወደ 20 የሚሆነው ኦርቶዶክስ፣ ወደ 10 የሚሆነው ካቶሊክ ነበር። የአልባኒያ ኦርቶዶክሳውያን በ451 ከተደረገው የኬልቄዶን ጉባኤ ወዲህ ከእኛ ከተለዩት የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ወገን ናቸው። ይሁን እንጂ የደረሰባቸው መከራና የተነሡበት መንገድ ለእኛም ትምህርት ይሆናል።

በ1944 ኮሚኒስቶች ሥልጣን ያዙ። በ1967 ደግሞ መሪያቸው ኤንቨር ሆጃ ማንኛውም ሃይማኖት ከአገሩ እንዲጠፋ አዘዘ። 2,169 የሚሆኑ አብያተ ክርስቲያናት፣ መስጊዶችና ገዳማት ተዘጉ፤ ከፊሎቹ ፈረሱ፤ ከፊሎቹም መጋዘንና የስፖርት አዳራሽ ሆኑ። በ1976 የወጣው ሕገ መንግሥት መንግሥት ምንም ዓይነት ሃይማኖት እንደማያውቅ ደነገገ። ካህናቱ ታሰሩ፤ ከእስር ቤት ያልተመለሱም አሉ። ይህ መከራ የክርስቲያኑ ብቻ አልነበረም። ሐፊዝ ሳብሪ ኮቺ የተባሉት የሙስሊሞች መምህር 20 ዓመት ያህል በእስር ቆይተዋል። ከመከራው በፊት 440 የነበሩት የኦርቶዶክስ ካህናት፣ ክልከላው ሲነሣ 22 ብቻ ቀርተው ነበር፤ እነርሱም ሽማግሌዎች ነበሩ።

ወጣቶች ሆይ፣ ይህን ቁጥር ቆም ብለን እናስበው። በ1967 የተወለደ ሕፃን በ1990 የ23 ዓመት ጎልማሳ ነው። በዚህ ዕድሜው ሁሉ ቅዳሴ አልሰማም፤ መስቀል አልተሳለመም፤ የሚያስተምረውም አላገኘ። 22ቱ ሽማግሌዎች አንድ በአንድ ሲያርፉ ያወቁት ሁሉ አብሯቸው ወደ መቃብር ይወርድ ነበር። ታላቁ አደጋ ይህ ነበር።

ሆኖም እግዚአብሔር ራሱን ያለ ምስክር አልተወም። ቄስ ኮስማ የሚባሉ አባት በዚያ በክፉ ዘመን በድብቅ ይቀድሱና ያጠምቁ ነበር። በ1979 ኮርቻ በምትባል ከተማ የተወለደውን፣ ወላጆቹ የበክታሺ ሙስሊሞች የሆኑትን አንድ ወጣት በምሥጢር አጠመቁት። ስሙም ዮሐንስ ይባላል። ይህን ወጣት በልባችን እንያዘው፤ ወደ እርሱ እንመለሳለን።

በሐምሌ 1991 አናስታስዮስ የተባሉ ግሪካዊ ጳጳስ የወደቀችውን ቤተ ክርስቲያን እንዲያነሡ ወደ አልባኒያ ተላኩ፤ በ1992ም ሊቀ ጳጳስ ሆነው ተሾሙ። ከዚያ በፊት ከ1981 ጀምሮ በምሥራቅ አፍሪካ ሲያገለግሉ በናይሮቢ ያለውን የካህናት ትምህርት ቤት አደራጅተው አፍሪካውያን ለአፍሪካውያን ካህናት እንዲሆኑ ደክመዋል። አልባኒያ ሲደርሱ የፈረሰው ብዙ፣ የጎደለውም ብዙ ነበር። እርሳቸው ግን ሕንፃው እስኪያልቅ አልጠበቁም። በ1992 በዱረስ ከተማ በአንድ ሆቴል ውስጥ የካህናት ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ ስሙንም «የክርስቶስ ትንሣኤ» አሉት። በኋላም ትምህርት ቤቱ በ1967 ፈርሶ ወደነበረው ወደ ቅዱስ ቭላሽ ገዳም ሥፍራ ተዛወረ። ከዚያ ወዲህ ከ150 የማያንሱ አዳዲስ ካህናትና ዲያቆናት ተሹመዋል።

በዚህ ሥራ ሦስት ነገሮችን እናስተውላለን።

አንደኛ፤ የሚሠለጥኑት የአገሩ ልጆች ናቸው፤ ትምህርቱም በአገሩ ቋንቋ ነው። ቅዳሴ በአልባንኛ የተጀመረው ገና በ1908 በአሜሪካ በቦስተን ከተማ በቄስ ፋን ኖሊ ነበርና ለአዲሶቹ ካህናት መሠረት ሆኗቸዋል። ሕዝቡ የሚሰማው የራሱን ቋንቋ፣ የሚያየውም የራሱን ልጅ ሲሆን ሃይማኖቱን የባዕድ ነገር ነው ብሎ አይሸሽም።

ሁለተኛ፤ ጎረቤትን ማወቅና መውደድ ነው። ሊቀ ጳጳስ አናስታስዮስ በአቴና ዩኒቨርሲቲ የሃይማኖቶችን ታሪክ ያስተማሩ፣ ስለ እስልምናም መጽሐፍ የጻፉ ሊቅ ነበሩ። በ1999 ከኮሶቮ ጦርነት የሸሹ ሰዎች ወደ አልባኒያ ሲጎርፉ፣ አብዛኞቹ ሙስሊሞች ሆነው ሳለ፣ ቤተ ክርስቲያኒቱ መጠለያና ምግብ ሰጠቻቸው። ሙስሊም በበዛበት አገር የሚያገለግል ካህን ሃይማኖቱን ጠንቅቆ ሳያውቅ ቢወጣ ይፈራል፤ የፈራም ሰው ወይ ይሰደባል ወይ ይሳደባል። ጠንቅቆ ያወቀ ግን በትሕትና ይመልሳል፤ የተራበውንም ሃይማኖቱን ሳይጠይቅ ያበላል።

ሦስተኛ፤ ትዕግሥት ነው። አንዳንዶች «ግሪካዊ እንዴት በአልባኒያ ላይ ይሾማል?» ብለው ተቃወሙ። በ1994 የቀረበው ረቂቅ ሕገ መንግሥት የሃይማኖት መሪ በአገሩ የተወለደና 20 ዓመት የኖረ እንዲሆን ያዝዝ ነበር፤ ለሕዝብ ድምፅ ቀርቦ ሳይጸድቅ ቀረ። ይህ ጥያቄ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የእኛም ቤተ ክርስቲያን ከአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ጀምሮ ለብዙ መቶ ዓመታት ጳጳስ ከእስክንድርያ ስትቀበል ኖራ፣ በ1951 አቡነ ባስልዮስ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሊቀ ጳጳስ፣ በ1959ም ፓትርያርክ ሆነዋል። የሕዝቡ ናፍቆት እውነተኛ ነው። መልሱም የሚገኘው በክርክር ብዛት ሳይሆን ተተኪ በማስተማር ነው።

በ1998 ሲኖዶሱ ሲሟላ ያ በድብቅ ያጠምቁ የነበሩት ቄስ ኮስማ ጳጳስ ሆኑ። በ1979 ያጠመቁት ወጣትም በአሜሪካ ነገረ መለኮት ተምሮ ተመልሶ ነበርና የኮርቻ ጳጳስ ሆኖ ተሾመ። ሊቀ ጳጳስ አናስታስዮስ በጥር 2025 ሲያርፉ፣ በመጋቢት በመንበራቸው የተተኩት እኒሁ አቡነ ዮሐንስ ናቸው። አንድ ሽማግሌ ካህን በር ዘግተው ያጠመቁት ልጅ የመላው አልባኒያ እረኛ ሆነ። እግዚአብሔር ይመስገን።

ቅዱስ ጳውሎስ ልጁን ጢሞቴዎስን የሰማኸውን ለታመኑ ሰዎች አደራ ስጥ፣ እነርሱም ሌሎችን ያስተምሩ ብሎ መክሮታል (2ጢሞ. 2፥2)። ትምህርት ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ አደራ ነው፤ አንዱ ትውልድ እጁን ካጠፈ ይቋረጣል። እኛም አገር የኔታ በጉባኤያቸው ተቀምጠው ሳለ ተማሪው ከራቀ፣ በአልባኒያ አዋጅ ያደረገውን በእኛ ዘንድ ስንፍና ያደርገዋል።

ስለዚህ ወንድሞችና እኅቶች፣ ወንበር ዘርግተው የሚያስተምሩ አባቶች ሳሉልን እንማር። በአቅራቢያችን ላለ የአብነት ተማሪ ቀለብና ልብስ እናዋጣ። ከመካከላችን ለክህነትና ለመምህርነት የሚሹትን እናበረታታ። ከሙስሊም ጎረቤቶቻችን ጋር በኀዘንም በደስታም አንለያይ። ዛሬ የተማርነውን ነገ ለታናናሾቻችን ካላስረከብን፣ ተምረናል ማለት አንችልም።

አምላካችን ተምረን የምናስተምር ያድርገን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።