የአባት ብሩሽና የሰው ጉንጭ

ወጣት ሆይ፤ አሮጌ ዕቃን አክብሮ ማደስ መልካም ጠባይ ነው፤ ያረጀውን ሁሉ የሚጥል ሰው የደከመበትን እጅ ይረሳልና። ነገር ግን ያደሰውን ዕቃ ለሌላ ሰው የሚያቀርብ፥ እውነቱን የመናገር ዕዳ አለበት። ነገሩን በትንሽ ምሳሌ እንመልከተው።

በአዲስ አበባ በልደታ የሚሠራ አንድ ወጣት ጠጕር አስተካካይ፥ አባቱ ለደንበኞቻቸው ሳሙና ይቀቡበት የነበረውን የጢም መላጫ ብሩሽ ወረሰ እንበል። በጠጕሩ ላይ የሳሙና ቅሪት ደርቆበታል፤ እጀታውም ወይቧል። ወጣቱ ለብ ባለ ውሃና በሳሙና ያጥበዋል፤ የፈላ ውሃ ሙጫውን እንዳያላቅቅበት ይጠነቀቃል። የደረቀውን ቅሪት በውሃ በቀጠነ ኮምጣጤ ያስለቅቃል፤ አራግፎም ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ያደርቀዋል። እጀታውንም ይወለውላል። እነሆ፥ ብሩሹ አማረ። ታዲያ በደንበኛው ጉንጭ ላይ ሊያሳርፈው ይገባዋልን?

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ (እ.ኤ.አ. 1914–1918) የንግድ መንገድ ስለ ተዛባ፥ ከበሽታ ዘር በሚገባ ያልጸዳ የፈረስ ጠጕር ለብሩሽ ሥራ ገባ። ባጀር የሚባለው አውሬ ጠጕር እጅግ ተፈላጊ ነበርና፥ የፈረሱ ጠጕር እርሱን እንዲመስል ይደረግ ነበር። በዚህም ምክንያት ከ200 የሚበልጡ የእንግሊዝና የአሜሪካ ወታደሮችና ሲቪሎች፥ ከብት አርቢዎቻችን አባ ሰንጋ በሚሉት በሽታ ተያዙ፤ የሞቱም አሉ። የዚህ በሽታ ዘር ደርቆ ብዙ ዓመት ይቈያል፤ ሳሙናም አያጠፋውም። ዛሬ አደጋው እጅግ ጥቂት ነው፤ ቢሆንም ምንጩ ያልታወቀ አሮጌ ብሩሽ ስላማረ ብቻ ንጹሕ ነው ሊባል አይችልም።

ምናልባት «ደንበኛው ካልጠየቀኝ ዝም ማለት ውሸት አይደለም» የሚል ይኖራል። ነገር ግን የተወለወለ ዕቃ ራሱ ይናገራል፤ «ንጹሕ ነኝ፥ እመነኝ» ይላል። ያን ቃል ያናገረው ወልዋዩ ነው። በልደታ ፍርድ ቤት ምስክር የሚያውቀውን ሊናገር ይማላል፤ በጠጕር ማስተካከያ ቤት ግን መሐላ የለም። ዐይኑን ጨፍኖ አንገቱን ለምላጭ የሰጠ ሰው የማያውቀውን ሊጠይቅ አይችልምና፥ ሳይጠየቁ መናገር የባለሙያው ፋንታ ነው።

«ታዲያ የአባቴን መታሰቢያ ልጣለው?» ይል ይሆናል። አይጣለው። እጀታውን ጠብቆ ጠጕሩን በአዲስ ማስለወጥ ይቻላል። ይህ ባይሆንለት በመደርደሪያው ላይ በክብር ያኑረው፤ ለሥራው ግን አዲስ ይግዛ፤ እርሱንም ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው ሲያሻግር ያጽዳው። አባቱ ያወረሱት ትልቁ ሀብት፥ ሰዎች ያለ ፍርሃት ጉንጫቸውን የሰጡበት እምነት ነው። ብሩሹን አድኖ ያን እምነት የሚያጠፋ ልጅ፥ ከውርሱ የሚበልጠውን ጣለ።