ያዳነ መድኃኒት እንቅልፍ ሲነሣ

አንድ ሰው በመድኃኒት ኀይል ከሞት አፋፍ ቢመለስ፤ ነገር ግን ያው መድኃኒት የሌሊቱን ዕረፍት ቢወስድበት፤ ማማረር ይገባዋልን? ወይስ ሕይወቱ የተረፈለት ሰው ስለ እንቅልፍ መናገሩ ውለታ ቢስነት ሆኖ ሊቈጠርበት ይገባል? ይህ ጥያቄ በመጀመሪያ ሲሰሙት ትንሽ መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ ቀኑን እንደ ሸክም እየገፉ የሚያመሹ፤ ምክንያቱን ግን ለማንም የማይናገሩ ሰዎች ስላሉ፤ ነገሩን ጥቂት ልንመረምረው ወደድን።

ምሳሌ የሌለው ክርክር ከነፋስ ጋር እንደ መታገል ስለሆነ፤ አስቀድመን የታወቀ ነገር እንያዝ። (ዘመኑን ሁሉ የምንጠቅሰው እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።) ኤፋቪሬንዝ የሚባለው የኤች አይ ቪ መድኃኒት በ1998 ዓ.ም. በአሜሪካ ተፈቀደ። በአገራችን የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነጻ መታደል የጀመረው በ2005 ዓ.ም. ሲሆን፤ ኤፋቪሬንዝም ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዓመታት ብዙ ወገኖቻችን ማታ ማታ ይውጡት የነበረ መድኃኒት ነው። በ2013 ዓ.ም. የዓለም ጤና ድርጅት ከሌሎች ሁለት መድኃኒቶች ጋር በአንድ ኪኒን ተዋሕዶ በቀን አንድ ጊዜ እንዲሰጥ በቅድሚያ መርጦት ነበር። ስንቷን እናት ለልጆቿ፤ ስንቱን መምህር ለተማሪዎቹ እንዳቈየ የሚክድ የለም። ይኸው መድኃኒት ግን ወደ አንጎል ስለሚዘልቅ ራስ ማዞርን፤ እንቅልፍ ማጣትን፤ በእውን የሚያዩት እስኪመስል ድረስ የጐላ ሕልምን ያመጣል። በብዙዎች ላይ ይህ ጠንቅ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ቈይቶ ይለቃል። በአንዳንዶች ላይ ግን ለወራት፤ ለዓመታትም ይሰነብታል። ሰው ሁሉ በአንድ ልክ አልተፈጠረምና፤ መድኃኒቱን በጉበት ውስጥ የሚያፈራርሰው ኢንዛይም በውርስ የደከመባቸው ሰዎች አሉ፤ በአፍሪካ ሕዝቦችም ዘንድ ቍጥራቸው ጥቂት አይደለም። እነዚህ ሰዎች ከጎረቤታቸው ጋር አንድ ዓይነት ኪኒን ቢውጡም በደማቸው ውስጥ የሚገኘው መጠን ከጎረቤታቸው እጅግ ይበልጣል። ቅባት የበዛበት እራት በልቶ ወዲያው መዋጥም እንዲሁ መጠኑን ከፍ ያደርገዋል። እንግዲህ የበዓል ሌሊት ሕልም ከሌላው ሌሊት ከብዶ የተገኘ እንደ ሆነ፤ ሕልም ፈቺ ከመፈለግ በፊት ስለ ዶሮው ወጥ መጠየቅ ሳይሻል አይቀርም።

ሁለተኛው ምሳሌ ከወታደሮች ሰፈር የመጣ ነው። ሜፍሎኩዊን የተባለው የወባ መድኃኒት በዋልተር ሪድ የአሜሪካ ጦር የምርምር ተቋም ተሠርቶ በ1989 ዓ.ም. በዚያው አገር ተፈቀደ፤ ላሪያም በሚለው ስምም በብዙ አገር ታወቀ። ወባን ለመከላከል በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ መውሰድ ስለሚበቃ ለወታደርና ለመንገደኛ የተመቸ ነበር። ከወሰዱት መካከል ግን እንቅልፍ የነሣቸው፤ ቅዠት ያስጨነቃቸው፤ አእምሯቸውም የታወከ ሰዎች ተገኙ። በ2013 ዓ.ም. የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ከማስጠንቀቂያዎች ሁሉ የበረታው በመድኃኒቱ ላይ እንዲጻፍ አደረገ፤ በአእምሮ ላይ የሚያደርሰው ጠንቅ መድኃኒቱ ከተቋረጠ በኋላም ለወራትና ለዓመታት ሊቈይ እንደሚችል በዚሁ ተገለጠ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የእንግሊዝ ፓርላማ የመከላከያ ኮሚቴ ነገሩን መርምሮ፤ ሌላ መድኃኒት ሲታጣ ብቻ፤ ያውም እያንዳንዱ ወታደር ለብቻው ከተመረመረ በኋላ እንዲሰጥ አሳሰበ። ወታደር የታዘዘውን ይፈጽማል እንጂ ሌሊት ያየውን ለአለቃው አያወራም። ስለዚህም ነው ነገሩ ወደ ፓርላማ ለመድረስ ይህን ያህል ዘመን የፈጀው ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም።

አሁን ወደ ጥያቄው እንመለስ። «እግዚአብሔርን አመስግን፤ ነፍስህ ተርፏል፤ ስለ እንቅልፍ ምን አወራህ» የሚሉ ሰዎች ክፉ ሰዎች አይደሉም። ከሞት የተመለሰን ሰው አይተው ደስ ስላላቸው፤ ደስታቸውን የሚቀንስ ነገር መስማት አይወዱም። ዳሩ ግን ምስጋናና አቤቱታ ባንድ ልብ ሊያድሩ አይችሉም ያለው ማን ነው? አንድ ሰው ከጎርፍ ውስጥ ጎትቶ ሲያወጣን ክንዳችን ቢወልቅ፤ እጁን ስመን እናመሰግናለን፤ ከዚያም ወደ ወጌሻ እንሄዳለን። ወደ ወጌሻ በመሄዳችን ያዳነን ሰው አይቀየመንም፤ ቢቀየመንም ያዳነን ለእኛ ብሎ ሳይሆን ለስሙ ነበር ማለት ነው። ምስጋና ዝምታን የሚጠይቅ ከሆነ ምስጋናነቱ ቀርቶ ግብር ይሆናል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው የአባቶቻችን ተረትም መድኃኒቱ ራሱ ላመጣው በሽታ አይሠራም የሚል አልተጨመረበትም።

ይህን በሚመለከት ለመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ ሊነገር የሚገባው አንድ ታሪክ አለ፤ እርሱም የእንቅልፍ መድኃኒት ታሪክ ነው። ታሊዶማይድ የሚባለው መድኃኒት በ1957 ዓ.ም. በምዕራብ ጀርመን ለገበያ ወጣ። እንቅልፍ ያመጣል፤ መንፈስንም ያረጋጋል ተብሎ ስለ ተመሰገነ፤ ጕዳት የለውም ተብሎም ስለ ታመነ፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ይሸጥ ነበር። በ1960 ዓ.ም. በአሜሪካ እንዲሸጥ ለማስፈቀድ ማመልከቻ ሲቀርብ፤ ማመልከቻው የደረሳቸው ዶክተር ፍራንሰስ ኬልሲ በዚያው ዓመት ወደ መሥሪያ ቤቱ የገቡ አዲስ ሠራተኛ ነበሩ። በዚያው ዓመት መጨረሻ አንድ የእንግሊዝ ሐኪም ይህን መድኃኒት ብዙ ጊዜ የወሰዱ በሽተኞች እጅና እግራቸውን ይነዝራቸዋል ሲል በአንድ የሕክምና መጽሔት ላይ አጭር ደብዳቤ አወጣ። እጅና እግር ነዘረኝ ማለት ምን ያህል ትንሽ አቤቱታ ነው! ዶክተር ኬልሲ ግን አልናቁትም፤ ኩባንያው ደጋግሞ ቢያስቸኵላቸውም ተጨማሪ ማስረጃ ካልቀረበ አልፈርምም ብለው ቈዩ። በኅዳር ወር 1961 ዓ.ም. መድኃኒቱ በእናቶች ማሕፀን ያሉትን ሕፃናት እጅና እግር እንደሚያጐድል ታውቆ በጀርመን ከገበያ ወጣ። በዓለም ላይ ወደ 10,000 የሚገመቱ ሕፃናት በዚህ ምክንያት ጕዳት ይዘው ተወለዱ። በአሜሪካ ግን መድኃኒቱ ለሽያጭ ሳይፈቀድ ቀረ፤ በ1962 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ለዶክተር ኬልሲ ሽልማት ሰጧቸው። በዚህ ታሪክ ውስጥ እኛን ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀን ፊርማውን የከለከለው እጅ ብቻ አይደለም፤ እነዚያ ስማቸው ያልተጻፈ፤ «እግሬን ነዘረኝ» ብለው ለሐኪማቸው የተናገሩ በሽተኞችም ናቸው። እነርሱ እንቅልፍ ላገኙበት መድኃኒት ውለታ ብለው ዝም ብለው ቢሆን፤ ዶክተር ኬልሲ የሚይዙት ነገር ባልነበራቸውም።

እንቅልፍ ማጣት ከሌላው ሕመም የሚከፋበት አንድ ነገር አለው፤ ምስክር የለውም። የተሰበረ እግር ፋሻው ይመሰክርለታል። እንቅልፍ ያጣ ሰው ግን በማለዳ ፊቱን ታጥቦ ከረባቱን አስሮ ሲመጣ ያው እንደ ሌላው ሰው ነው። ዐይኑ ቀልቶ ቢታይ ሲጠጣ ያደረ ይመስላል፤ በስብሰባ ላይ ቢያንጐላጅ ሥራውን የናቀ ይመስላል፤ መዝገብ ሲያገላብጥ ቍጥር ቢሳሳት ሰነፍ ይባላል። በተለይም መድኃኒቱ ሰው እንዲያውቅበት የማይፈልገው ሕመም መድኃኒት ሲሆን፤ ምክንያቱን ገልጦ ራሱን ነጻ ማውጣት አይችልም። አለቃ የሆነ ሰው የበታቾቹን ምሥጢር ሁሉ ሊያውቅ አይገባውም፤ ይህን እናምናለን። ነገር ግን ከመገሠጹ በፊት «ጤናህ እንዴት ነው?» ብሎ በር ዘግቶ መጠየቅ ምን ያህል ወጪ አለው? መምህርም በመጨረሻው ወንበር ላይ የሚያንጐላጀውን ተማሪ በክፍሉ ሁሉ ፊት መሣቂያ ከማድረግ ይልቅ ከደወል በኋላ ቢያናግረው ክብሩ አይቀንስም።

ለሊት ሙሉ መንቃት በአገራችን የተከበረ ነገር መሆኑን ጠቅሰው፤ «አባቶቻችን በትጋህ ያድሩ የለምን?» የሚሉም ይኖራሉ። እውነት ነው፤ ካህናቱ መቋሚያቸውን ተደግፈው፤ ጸናጽላቸውን ይዘው በማሕሌት ቆመው ያነጋሉ፤ መነኵሴውም ለሌሊት ጸሎት ይነሣል። ነገር ግን እነዚህ እንቅልፍን ሰጡት እንጂ አልተነጠቁትም። አንድ ሰው ፈቅዶ ቢጾም ጾመኛ ይባላል፤ እህል አጥቶ ቢውል ግን ረኀብተኛ ነው፤ ሁለቱም ሆዳቸው ባዶ ቢሆንም በመካከላቸው ያለው ርቀት ፈቃድ የሚባለው ነገር ነው። ስለዚህ እንቅልፍ ያጣውን ሰው «እንግዲያውስ ጸልይበት» ማለት ከአንድ ሃይማኖተኛ ወዳጅ ሲመጣ ጥሩ ምክር ሊሆን ይችላል፤ በእርሱ ምክንያት ሐኪም ዘንድ እንዳይሄድ ከሆነ ግን አይደለም።

እስከዚህ ድረስ ሌላው ሰው ለእርሱ ስለሚገባው ነገር ተናገርን። እርሱ ራሱስ በሌሊቱ ውስጥ ምን ያድርግ? እዚህ ላይ ቋንቋችን ከብዙ ፈላስፎች ቀድሞ አንድ ነገር አውቆ ነበር እንላለን። እኛ «እንቅልፍ ወሰደኝ»፤ «እንቅልፍ ጣለኝ»፤ «እንቅልፍ እምቢ አለኝ» እንላለን። በዚህ ሁሉ አድራጊው እንቅልፍ ነው፤ ሰው ተደራጊ ነው። እንጀራን በላሁ፤ ውኃን ጠጣሁ እንደምንለው፤ እንቅልፍን ወሰድሁት የሚል አማርኛ የለም። እንቅልፍ በትእዛዝ አይመጣም፤ ይልቁንም ባሳደዱት መጠን ይሸሻል። የቪየናው ሐኪም ቪክቶር ፍራንክል ይህን ተመልክተው፤ እንቅልፍ እምቢ ያላቸው ሰዎች ለመተኛት መታገላቸውን ትተው ይልቁንም ነቅተው ለመቈየት እንዲሞክሩ ይመክሩ ነበር።

«ተኛ» የሚለው ቃላችን ግን ጥቂት ያሳስተናል፤ ጋደም ማለትንም ማንቀላፋትንም በአንድ ይጠራልና። ሪቻርድ ቡትዚን የሚባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ሊቅ በ1972 ዓ.ም. ያወጣው ዘዴ እነዚህን ሁለቱን መለየት ነው ብንል አንሳሳትም። እንቅልፍ ሳይመጣ አልጋ ላይ አትውጡ፤ ወጥታችሁም ካልመጣ ተነሥታችሁ ወደ ሌላ ክፍል ሂዱ፤ ሲመጣ ተመለሱ፤ ሌሊቱ እንዴትም ቢያልፍ ጠዋት ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት ተነሡ ይላል። አንድ ክፍል ብቻ ያለው ሰው ወደ ወንበሩ ይሂድ። በ1987 ዓ.ም. ደግሞ አርተር ስፒልማን የተባለው ሊቅ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ እንቅልፍ ማጣትን የሚያመጣውና እንቅልፍ ማጣትን የሚያሰነብተው አንድ እንዳልሆኑ አስረዳ። ይህ ለያዝነው ጕዳይ ቍልፍ ነው። መድኃኒቱ ያመጣው አንድ ክፍል አለ፤ ይህ በእኛ ሥልጣን ሥር አይደለም። በዚያ ላይ ደግሞ ፍርሃታችን የጨመረው አለ፤ ገና በዐሥራ ሁለት ሰዓት ሌሊቱን መፍራት፤ ሰዓት እያዩ የቀረውን መቍጠር፤ ቀን ተኝቶ ለመካስ መሞከር፤ ለመንቃት ከሰዓት በኋላ ቡና እስከ በረካው መጠጣት፤ ለማንቀላፋት ደግሞ አረቄ መጨመር። የቡና ኀይል ከጠጡት ከአምስት ሰዓት ያህል በኋላ ገና ግማሹ በደም ውስጥ አለ፤ አረቄም በመጀመሪያ ቢያስተኛ በእኩለ ሌሊት ያስነሣል። ይህኛውን ክፍል መቀነስ ይቻላል። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ በ2016 ዓ.ም. ከእንቅልፍ ኪኒን በፊት ይህን የመሰለው ሕክምና እንዲቀድም የመከረውም ያለ ነገር አይደለም። ኪኒኑማ ከ1903 ዓ.ም. ከቬሮናል ጀምሮ ስሙ እየተለዋወጠ መጥቷል፤ ብዙዎቹም ለብዙ ጊዜ ተወስደው በድንገት ሲቋረጡ ያባረሩትን እንቅልፍ ማጣት አብሰው ይመልሱታል። መድኃኒት የነሣውን እንቅልፍ በሌላ መድኃኒት መፈለግ ብድርን በብድር እንደ መክፈል ነው፤ ግድ የሚሆንበት ጊዜ ቢኖርም ወለዱን አስቀድሞ ማወቅ ይገባል።

ሁለተኛው ክፍል ቢቀነስም የመጀመሪያው ሊቀር ይችላል፤ ይህን ሸፋፍኖ ማለፍ ሐሰት ይሆናል። በዚህ ጊዜ የሚመጣው ፈተና ያዳነውን መድኃኒት በራስ ሥልጣን መተው ነው። ሌሊቱ የሚታይ፤ ሞቱ ግን የማይታይ ስለሆነ ፈተናው ቀላል አይደለም። ነገር ግን ኤፋቪሬንዝን የመሰለ መድኃኒት አብረውት ከሚወሰዱት ይልቅ በደም ውስጥ ረጅም ጊዜ ስለሚቈይ፤ ሁሉም በአንድነት በድንገት ሲቋረጡ ቫይረሱ ለቀናት ከእርሱ ጋር ብቻውን ይገናኛል፤ በዚህም መድኃኒቱን መልመድን ይማራል። ከዚያ በኋላ ሰውየው ልመለስበት ቢል አይሠራለትም፤ የተላመደውም ቫይረስ ወደ ሌላ ሰው ሊተላለፍ ይችላል። ስለዚህ በራሱ እጅ መተው አንድ ነገር ነው፤ ቀይሩልኝ ብሎ መጠየቅ ግን ፍጹም ሌላ ነገር ነው፤ ይህን ሁለተኛውን ያፈነ «ዝም በል፤ አመስግን» የሚል ምክር ወደ መጀመሪያው እንደሚገፋው እናስተውል።

መጠየቁም ፍሬ ሳይኖረው አልቀረም። በ2014 ዓ.ም. በወጣ አንድ የምርምር ውጤት 600 ሚሊግራም የነበረው የኤፋቪሬንዝ መጠን ወደ 400 ቢቀነስ በሽታውን ለመግታት እንደማያንስ ታወቀ። በ2019 ዓ.ም. የዓለም ጤና ድርጅት ዶሉቴግራቪር የተባለውን መድኃኒት በእርሱ ፋንታ አስቀደመ፤ በአገራችንም ብዙ ሰዎች ወደዚሁ ተዛወሩ። አዲሱም ቢሆን አንዳንዱን ሰው እንቅልፍ ይነሣል። እንዲህ ሲሆን ሐኪሞች ብዙ ጊዜ የሚያደርጉት የሚዋጥበትን ሰዓት ከማታ ወደ ጠዋት ማዛወር ነው፤ ይህን የሚያደርጉትም በሽተኛው ሌሊቱን እንዴት እንዳሳለፈ ሲነግራቸው ነው።