ለመዝናናት ሲባል ሕይወትን ለአደጋ ማጋለጥ ተገቢ ነውን?

ሰው ባልንጀራውን ከሞት ለማዳን ወይም ለእምነቱ ለመመስከር ሲል ሕይወቱን ለአደጋ ቢያጋልጥ የሚነቅፈው የለም፤ እንዲያውም ይመሰገናል። ነገር ግን ማንም ሳያስገድደው፣ የዕረፍት ቀኑን ጠብቆና ገንዘቡን ከፍሎ በገደል ላይ የሚንጠለጠለውን ሰው ምን እንበለው? ስለ ሕይወት ክብር የሚናገረውን አምስተኛውን ትእዛዝ የሚያስተምር የትምህርተ ክርስቶስ መምህር፣ ከወጣቶች መካከል አንዱ ይህን ጥያቄ ቢያቀርብለት መልሱን በአጭር ቃል መስጠት የሚቀለው አይመስለንም።

ነገሩን በደፈናው ከመመልከት ይልቅ አንድ የታወቀ ቦታ ይዞ መመርመሩ ይሻላል። የምድር ወገብ በሚያቋርጣት በቦርኒዮ ደሴት ላይ፣ የማሌዥያ ክፍል በሆነው በሳባ ግዛት፣ ኪናባሉ የሚባል ተራራ ይገኛል። ቁመቱ 4,095 ሜትር ሲሆን ከራስ ዳሸን ያንሳል፤ ይሁን እንጂ ከባሕር ጠረፍ ብዙም ሳይርቅ ብድግ ብሎ የቆመ በመሆኑ ለሚያየው ግርማው ታላቅ ነው። አካባቢው እ.ኤ.አ. በ1964 ብሔራዊ ፓርክ ሆኖ ተከለለ፤ በ2000 ደግሞ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ውስጥ ገባ።

ተጓዡ ቲምፖሆን ከተባለው በር፣ ከ1,866 ሜትር ከፍታ ይነሣል። መጀመሪያ የሚያልፈው ዝናብ በማይለየው ጥቅጥቅ ባለ ደን ውስጥ ነው፤ በዚያ ተራራ ላይ ነፍሳትን እያጠመዱ የሚመገቡ፣ ቅጠላቸው እንደ ማሰሮ የጎደጎደ ተክሎች ይበቅላሉ። ስድስት ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ ከሄደ በኋላ በ3,270 ሜትር ገደማ ላይ ላባን ራታ ወደተባለው ማረፊያ ይደርሳል። ጥቂት ሰዓት አርፎ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ግድም በባትሪ ብርሃን እንደገና ይነሣል። ከዚህ በላይ በሄደ መጠን ዛፉ እየጠፋ ይሄዳል፤ በመጨረሻ የሚቀረው በጥንት ዘመን በረዶ የፋቀው ራቁት ጥቁር ድንጋይ ነው። ቁልቁለቱ በሚከፋበት ስፍራ በድንጋዩ ላይ የተዘረጋውን ወፍራም ገመድ ይዞ ይወጣል። ከዚያም በላይ ለሚመኝ ሰው፣ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ በገደሉ ግንብ ላይ የብረት መርገጫና የብረት ገመድ ተተክሎ፣ ወገቡን ታጥቆ የሚንጠላጠልበት መንገድ ተሠርቶለታል። ፀሐይ ስትወጣ ደመናው ከእግሩ በታች ይሆናል።

ይህን ደስታ ከንቱ ነው ብለን አናጣጥለውም። በኋላ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ የተባሉት አባ አኪሌ ራቲ፣ በ32 ዓመታቸው እ.ኤ.አ. በ1889 በአልፕስ ተራሮች የሞንቴ ሮዛን ምሥራቃዊ ግድግዳ ከጓደኛቸው ካህንና ከሁለት መንገድ መሪዎች ጋር ወጥተው፣ ሌሊቱን በጠባብ የድንጋይ ጠርዝ ላይ በብርድ አሳልፈዋል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ከሆኑ በኋላም በ1923 የማንቶኑን ቅዱስ በርናርድን የተራራ ወጪዎች ጠባቂ አድርገው ሰይመዋል። እንግዲህ ገደል መውጣት በራሱ ኃጢአት ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያለ ጠባቂ ባልተሰየመለት ነበር።

የጥንቱ ፈላስፋ አርስቶትል ብርታትን በፈሪነትና በደፋርነት መካከል ያስቀምጠዋል። ቅዱስ ቶማስ አኲናስም ይህንኑ ተከትሎ፣ ከልክ ያለፈ ድፍረትን ከብርታት ጋር የሚቃረን ጉድለት አድርጎ ይቆጥረዋል፤ ብርታትም ከፍትሕ ከተለየ ለበደል መሣሪያ ይሆናል ይላል። ብዙዎቻችን ስለ ተራራ ወጪው ስንከራከር የምናነሣው የመጀመሪያውን ክፍል ብቻ ነው፤ ሰውየው ደፋር ነው ወይስ ብርቱ? አደጋውን አስቀድሞ መዝኗል ወይስ አልመዘነም? የሁለተኛው ክፍል፣ የፍትሕ ነገር ግን ይዘነጋል። ምክንያቱም አደጋው የእርሱ ብቻ እንደሆነ አድርገን ስለምንገምት ነው።

እውነቱ ግን እንዲህ አይደለም። በኪናባሉ ሕግ መሠረት ማንም ያለ መንገድ መሪ ወደ ጫፉ መውጣት አይችልም። ከመሪዎቹና ከተሸካሚዎቹ ብዙዎቹ በተራራው ግርጌ የሚኖሩ የዱሱን ሕዝብ ልጆች ናቸው። በማረፊያው የሚበላው ምግብ በሰው ጀርባ ተጭኖ የወጣ ነው። ተራራው ለዚህ ሕዝብ የሞቱ አባቶች ነፍስ የሚያርፍበት ቅዱስ ስፍራ ሲሆን፣ በጥንቱ ልማድ ከመውጣት በፊት ዶሮና እንቁላል ይሠዋ ነበር። እንግዲህ እንግዳው በዓመት አንድ ቀን፣ ምናልባትም በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ የሚቀበለውን አደጋ፣ መሪው በየሳምንቱ ይቀበለዋል። በደብረ ዳሞ ገመድ ላይ የተንጠለጠለ ሰው ይህን ሳይነገረው ያውቀዋል፤ ከላይ ሆኖ የሚስበው ክንድ ከእርሱ ጋር ይደክማልና።

እ.ኤ.አ. ጁን 5 ቀን 2015 ከጧቱ አንድ ሰዓት ከሩብ ግድም፣ መጠኑ 6.0 የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ ተራራውን መታው። «የአህያ ጆሮ» ይባል ከነበረው መንታ ጫፍ አንዱ ተሰብሮ ወደቀ፤ ቋጥኝ በመውጫው መንገዶች ላይ ተንከባለለ። 18 ሰዎች ሞቱ። ከእነርሱም መካከል ከሲንጋፖር ከአስተማሪዎቻቸው ጋር የመጡ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ልጆች ነበሩ፤ መንገድ መሪዎችም ነበሩ። ከመሪዎቹ አንዱ ከድንጋይ ሥር ተይዞ ሳለ፣ የሚመራቸው ሰዎች እርሱን ትተው እንዲወርዱ መንገሩ በወቅቱ በሰፊው ተዘግቧል። ከመቶ የሚበልጡ ሰዎች ላይ ሲቀሩ፣ በተሰበረው መንገድ እየመሩ ያወረዷቸው በአብዛኛው እነዚሁ የተራራው ልጆች ነበሩ።

ከአደጋው ጥቂት ቀናት አስቀድሞ አንዳንድ የውጭ አገር ጎብኚዎች በተራራው ላይ ልብሳቸውን አውልቀው ፎቶግራፍ ተነሥተው ነበርና፣ በአገሩ ብዙ ሰው መቅሠፍቱን ከዚህ ድርጊት ጋር አያያዘው። ከመካከላቸውም አራቱ ፍርድ ቤት ቀርበው ተቀጥተዋል። የሌላውን ሕዝብ ቅዱስ ስፍራ ማዋረድ በደል መሆኑ አያጠራጥርም። ነገር ግን የበደሉት ወደየአገራቸው ሲመለሱ ያልበደሉ ሕፃናት መሞታቸውን ፍርድ ብሎ መጥራት አይቻልም። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 13 እንደተጻፈው፣ የሰሊሆም ግንብ ወድቆ የገደላቸው ሰዎች ቁጥር ደግሞ 18 ነበር፤ ጌታችንም እነርሱ ከሌሎቹ የኢየሩሳሌም ነዋሪዎች ይልቅ በደለኞች ናቸው የሚለውን አስተሳሰብ አልተቀበለም። የቁጥሩ መግጠም አጋጣሚ ነው፤ ጥያቄው ግን ያው ጥያቄ ነው። ግንቡ በማን ላይ ወደቀ ብሎ ጥፋተኛ መፈለግ፣ ከግንቡ ሥር ማንን አቆምን ብሎ ራስን ከመጠየቅ ይቀላል።

እዚህ ላይ «መሪው ሥራውን ወዶ መርጧል፤ ደመወዙንም ይቀበላል» የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ተቃውሞው ቀላል አይደለም። መሪው በችጋር ብቻ ተገፍቶ የመጣ አድርገን ብናስበው ክብሩን እንነካለን፤ በእውቀቱ የሚኮራና ተራራውን የሚወድ ሰው ነውና። ጎብኚውም ቢቀር የእንጀራው መንገድ ይዘጋበታል። ስለዚህ መፍትሔው አለመውጣት ነው አንልም። ሆኖም ደመወዝ የሚገዛው የሰውየውን ሥራ እንጂ ሕይወቱን አይደለም፤ በዚህ መካከል ያለው ወሰንም የሚፈተነው በተራራው ጫፍ አቅራቢያ፣ በጨለማ ውስጥ ነው።

በኪናባሉ ለመውጫ የተወሰነ ሰዓት አለ፤ በዚያ ሰዓት ከኬላው ያልደረሰ ሰው ይመለሳል። ዝናብ ከበረታ ድንጋዩ ያንሸራትታል፤ ያኔም መሪው «ይበቃል፣ እንመለስ» ይላል። እንግዳው ግን ሩቅ አገር አቋርጦ መጥቷል፤ ብዙ ከፍሏል፤ ጫፉም ከፊቱ ይታየዋል። «ጥቂት ብቻ እንቀጥል» ብሎ ይለምናል፤ ሲብስም ጉርሻ እጨምርልሃለሁ ይላል። መሪው እንግዳውን ማስቀየም አይፈልግም፤ ቤቱ ልጆች አሉት። በዚያች ቅጽበት ገንዘቡ ደመወዝ መሆኑ ቀርቶ የሰውን ማስተዋል መግዣ ይሆናል። ጉልበቱን ወይም ሕመሙን ደብቆ የሚወጣ ሰውም እንዲሁ ነው፤ ቢወድቅ የሚሸከመው ሌላ ሰው መሆኑን ያውቃል፤ ያንን ሰው ግን ፈቃዱን አልጠየቀውም። እኛ እንደሚመስለን፣ ኃጢአቱ ካለ የሚገኘው በገደሉ ከፍታ ሳይሆን በዚህ ላይ ነው።

ተራራው በዚያው በ2015 መጨረሻ እስከ ጫፉ ድረስ እንደገና ለተጓዦች ተከፈተ። መሪዎቹም ጓደኞቻቸው በሞቱበት ድንጋይ አጠገብ እያለፉ እንግዶቻቸውን ማውጣት ጀመሩ። በዚያ ሌሊት አብሯቸው የሚጓዝ እንግዳ ከፊቱ ያለውን ሰው ስሙን ያውቀው እንደሆነ፣ በቤቱ ማን እንደሚጠብቀውም ጠይቆት እንደሆነ እንጃ።