ገዢው የማይሞትበት ገበያ



ሰው ገበያ ወጥቶ ጤፍ ሲገዛ እፍኝ ዘግኖ ያሸታል፤ በርበሬ ሲገዛ በምላሱ ይቀምሳል፤ ጨርቅ ሲገዛ በጣቱ አሽቶ ያያል። ይህን የሚያደርገው ነጋዴ ሁሉ አጭበርባሪ ነው ብሎ ስለሚያምን አይደለም። የተበላሸው ዕቃ የሚገባው ከገዛ ቤቱ፣ የሚቀርበውም ለገዛ ልጆቹ ስለሆነ ነው። ጉዳቱ የራሱ ስለሚሆን ምርመራውንም ራሱ ያደርጋል። የገበያ ፍትሕ በአብዛኛው የቆመው በዚህ ላይ ነው።

ለመሆኑ ገዢው ሌላ፣ ገንዘቡ የሌላ፣ በዕቃው ጉድለት የሚሞተው ደግሞ ሌላ ሲሆን ምን ይፈጠራል? የጸጥታ መሣሪያ ግዥ እንዲህ ያለ ገበያ ነው። መንግሥት ለፖሊሱ መሣሪያ ከኩባንያ ሲገዛ ውሉን የሚፈርመው ሹሙ ነው፤ ገንዘቡ የሕዝብ ነው፤ መሣሪያው ሳይሠራ ሲቀር የሚሞተው ግን ኬላ አጠገብ የቆመው መንገደኛ ነው። ታዲያ ሻጭና ገዢ ስለተስማሙ ብቻ እንዲህ ያለው ሽያጭ ከአማና አንጻር ትክክለኛ ሊባል ይችላልን? በዚህ ጽሑፍ ላነሳው የፈለግሁት ጥያቄ ይህ ነው።

ነገሩ በባዶ እንዳይቀር የአንድን መሣሪያ ታሪክ እንመልከት (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ጄምስ ማኮርሚክ የተባለ እንግሊዛዊ፣ የቀድሞ ፖሊስ፣ ኤ.ዲ.ኢ. 651 የሚባል ዕቃ ይሸጥ ነበር። ዕቃው የፕላስቲክ እጀታ ላይ ወዲያና ወዲህ የሚዞር አንቴና የተገጠመበት ነው። ፈንጂና አደንዛዥ ዕፅ ከሩቅ ለይቶ አንቴናው ወደዚያው ይዞራል ይባል ነበር። ባትሪ የለውም፤ ኃይሉን የሚያገኘው ከያዢው ሰውነት ነው ተባለ። ሐቁ ግን ሌላ ነበር። የመሣሪያው መነሻ በአሜሪካ የጠፋ የጎልፍ ኳስ ያገኛል ተብሎ በ20 ዶላር ገደማ የሚሸጥ ተራ ዕቃ ነው። በጃንዋሪ 2010 ቢ.ቢ.ሲ. በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያ ባስመረመረው ጊዜ ፈንጂ ይለያል በተባለው ካርድ ውስጥ የተገኘው በሱቆች ውስጥ ዕቃ እንዳይሰረቅ የሚለጠፈው ርካሽ ምልክት ብቻ ነበር።

የኢራቅ መንግሥት ይህንን ዕቃ በሺዎች ገዛ። ወጪው በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር ነበር። የባግዳድ ፖሊሶች በየኬላው አንቴናውን ይዘው በመኪናዎች መካከል ይመላለሱ ጀመር። በኦክቶበር 25 ቀን 2009 ፈንጂ የጫኑ መኪናዎች ወደ መሀል ከተማ አልፈው በፍትሕ ሚኒስቴርና በክፍለ ሀገሩ ምክር ቤት አጠገብ ፈነዱ። ከ150 በላይ ሰዎች ሞቱ። ግዥውን ይመሩ የነበሩት ጄኔራል በዚያው ዓመት ለአንድ የአሜሪካ ጋዜጣ በሰጡት ቃል፣ መሣሪያው በምትሐት ይሥራ በሳይንስ ግድ እንደሌላቸው ተናገሩ። ኋላ በሙስና ተፈርዶባቸው ታሰሩ።

እንግዲህ አንባቢ «ነገሩ ሁሉ ጉቦ ነው» ቢል አይፈረድበትም። ይሁንና ጉቦ ብቻውን ታሪኩን አይገልጸውም። ጂ.ቲ. 200 የሚባል፣ አሠራሩ ተመሳሳይ የሆነ ሌላ የሐሰት መሣሪያ ነበር። ይህንንም የሚሸጠው ጋሪ ቦልተን የተባለ እንግሊዛዊ ነው። የብሪታንያ ጦር የመሐንዲሶች ክፍል ባልደረቦች ይህንን ዕቃ በንግድ ትርዒቶች ላይ ለውጭ ገዢዎች አሳይተዋል፤ የአገሪቱ የውጭ ንግድ አስፋፊ መሥሪያ ቤትም ለሻጩ ድጋፍ ሰጥቷል። እንዲህ ሲሆን የመንግሥት ማኅተም የነጋዴ ማስታወቂያ ሆነ ማለት ነው። ገዢው አገር «የእንግሊዝ ጦር ያሳየው ዕቃ ነው» ብሎ ያምናል። የሻጩ አገር ደግሞ «የገዛው ሉዓላዊ መንግሥት ነው፤ መርምሮ ይሆናል» ይላል። አንዱ በሌላው ላይ ተደግፎ ቆመ፤ ምርመራው ግን ቸል ተባለ።

ለመመርመር አስቸጋሪ ሆኖ ነውን? አይደለም። በአሜሪካ ኳድሮ ትራከር የሚባለውን ተመሳሳይ ዕቃ ኤፍ.ቢ.አይ. አስመርምሮ ባዶ መሆኑን አረጋግጧል፤ የፌዴራል ፍርድ ቤትም በ1996 ሽያጩን አግዷል። ትምህርቱ ከባግዳድ ግዥ ከአሥር ዓመት በላይ ቀድሞ ተገኝቶ ነበር።

የብሪታንያ መንግሥት በጃንዋሪ 2010 መሣሪያው ወደ ኢራቅና አፍጋኒስታን እንዳይላክ አገደ። የተሰጠው ምክንያት በዚያ ያሉትን የብሪታንያና የወዳጅ ኃይሎችን ሊጎዳ ይችላል የሚል ነበር። ወደ ሌሎች አገሮች መላኩ ግን በዚያ እገዳ አልተነካም። የባግዳዱ ባለሱቅ፣ የባንኮኩ መንገደኛ በሒሳቡ ውስጥ የሉም። በ2013 የለንደን ፍርድ ቤት ማኮርሚክን 10 ዓመት፣ ቦልተንን 7 ዓመት እስራት ፈረደባቸው። ታሪኩ እዚህ ላይ ያበቃ ይመስላል። በባግዳድ ኬላዎች ግን ያው አንቴና በፖሊሶች እጅ ቀረ! በጁላይ 2016፣ ረመዳን ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ሕዝቡ ለዒድ በሚገበያይበት ሌሊት በካራዳ ሰፈር ፈንጂ የጫነ መኪና ፈንድቶ ከ300 በላይ ሰዎች አለቁ። ጠቅላይ ሚኒስትር ሐይደር አል-ዐባዲ የሐሰት መሣሪያዎቹ ከኬላዎች እንዲነሱ ያዘዙት ከዚህ በኋላ ነው። ሻጩ ከታሰረ ሦስት ዓመት አልፎ ነበር።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ከዚህም የከፋ ነገር ነው። ፈንጂውን ሳያገኝ የቀረ መሣሪያ አንድ ጥፋት ነው፤ ንጹሑን ሰው የሚወነጅል መሣሪያ ሌላ ጥፋት ነው። በደቡብ ታይላንድ፣ ፓታኒ፣ ያላና ናራቲዋት በተባሉት ክፍለ ሀገሮች፣ አብዛኛው ነዋሪ ማላይ ሙስሊም ነው። የታይላንድ ጦርና ሌሎች መሥሪያ ቤቶች ከአንድ ሺህ በላይ ጂ.ቲ. 200 ገዝተው በርካታውን በዚያ አሰማሩ። ወታደር አንቴናውን ይዞ በመንደር ውስጥ ያልፋል፤ አንቴናው ወደ አንድ ቤት ወይም ወደ አንድ ወጣት ሲዞር ያ ሰው ተጠርጣሪ ይሆናል። በዚህ ምክንያት የታሰሩ ሰዎች መኖራቸውን የሰብአዊ መብት ድርጅቶች ገልጸዋል። በፌብሩዋሪ 2010 የታይላንድ መንግሥት መሣሪያውን አስፈትኖ ከ20 ሙከራ ያገኘው 4ቱን ብቻ ሆነ።

አንቴናው ወደ ሰው የሚዞረው ለምንድን ነው? ምትሐት የለበትም። በልቅ የተሰካ ዘንግ እጅ ጥቂት ሲያዘነብል ይዞራል፤ እጅ ደግሞ ባለቤቱ ሳያውቀው ልብ ወደ ጠረጠረው ያዘነብላል። እንግዲህ መሣሪያው የሚለካው ፈንጂን ሳይሆን የያዢውን ጥርጣሬ ነበር። ጥርጣሬው ከወታደሩ ልብ ወጥቶ በአንቴናው ውስጥ ሲያልፍ «ሳይንስ» የሚል ስም ያገኛል። «እጠረጥርሃለሁ» ያለ ወታደር «ለምን?» ተብሎ ይጠየቃል። «መሣሪያው አሳየኝ» ሲል ግን ጥያቄው ይዘጋል። ምስክር ቢሆን ቃሉ ይመረመራል፣ ጠባዩ ይጣራል፣ ቂም እንዳለው ይጠየቃል። አንቴናን ማን መስቀለኛ ጥያቄ ይጠይቀዋል?

እዚህ ላይ ሚዛናዊ መሆን ይገባል። መንግሥት የሚያስፈልገውን ሁሉ ራሱ ሊሠራ አይችልም፤ ከአምራቾች ጋር መተባበሩ በራሱ ነውር የለውም። በሆቴል በር ላይ የሚፈትሸን የብረት መለያ በር ከኩባንያ የተገዛ ነው፤ ቁልፍ በኪሱ ይዞ ያለፈ ሁሉ መሥራቱን ያውቃል። «የመሣሪያ ምስጢር ከወጣ ወንጀለኛ ይጠቀምበታል» የሚለው ክርክርም በከፊል እውነት ነው። ግን መሣሪያው እንዴት እንደሚሠራ መደበቅ አንድ ነገር፣ መሥራት አለመሥራቱን መደበቅ ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያው ሕዝብን ሊጠብቅ ይችላል፤ ሁለተኛው የሚጠብቀው ሻጩንና የፈረመውን ሹም ነው። «ባይሠራም ወንጀለኛን ያስፈራራል» የሚሉም አሉ። ፖሊሱ አንቴናውን አምኖ የመኪናውን ኮፈን ሳይከፍት ካሳለፈ የሚፈራው ማን ነው?

ችግሩ በሐሰተኛ መሣሪያ ብቻ የሚያበቃ እንዳይመስለን። በጃንዋሪ 2020 በአሜሪካ ዲትሮይት ፖሊስ አንድ ጥቁር አሜሪካዊ አባወራን በቤተሰቡ ፊት አሰረ። መነሻው ፊት የሚለይ ኮምፒዩተር ምስሉን ከሌባ ምስል ጋር ማመሳሰሉ ነው። ሰውየው ሌባው አልነበረም። ያ መሣሪያ ተራ ፕላስቲክ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ይሠራል። በ2024 ክሱ በስምምነት ሲያልቅ ከተማው 300 ሺህ ዶላር ከፈለ፤ በኮምፒዩተሩ ውጤት ብቻ ሰው እንዳይታሰርም ደንብ ወጣ። የሚሠራውም የማይሠራውም መሣሪያ አንድ ልጓም ያስፈልገዋል፤ ብቻውን ፈራጅ እንዳይሆን።

ልጓሙ አዲስ ግኝት አይደለም። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ እህል ክምር አስገብተው ከሥሩ እርጥበት ማግኘታቸውንና ሻጩን መገሠጻቸውን የማያውቅ ጥቂት ነው። እሳቸው ሻጭም ገዢም አልነበሩም፤ ሦስተኛ ወገን ነበሩ። ከዚያ በኋላ በሙስሊም ከተሞች ሙህተሲብ የሚባለው ሹም ሚዛንና ስፍር እየመረመረ በገበያ ይዞር ነበር። ሁለት ሰዎች መስማማታቸው ሌላውን ሰው ከመጎዳት አያድንምና።

የዛሬው የጸጥታ ገበያ የጎደለው ይህ ሦስተኛ እጅ ነው። መሣሪያው ከመገዛቱ በፊት ከሻጭም ከገዢም ነጻ የሆነ ባለሙያ ይፈትነው። ውጤቱ ለሕዝብ ይነገር። በመሣሪያ ቃል ብቻ ማንም አይታሰር። የፈረመው ሹም እንደ ሻጩ ሁሉ ይጠየቅ። ይህ ከሌለ የተፈራረሙት ሁለቱ ወገኖች ምንም ያህል ቢተማመኑ፣ የተማመኑት በሰው ነፍስ ነው። በካራዳ ለዒድ ልብስ ሊገዙ የወጡትን «በዚህ ውል ትስማማላችሁ?» ብሎ የጠየቃቸው አልነበረም።

ወላሁ አዕለም።